በአንድ ዓይን የተሳለው አባት

ማስተዋል የሥዕል መጽሐፏን ለአባቷ ሰጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ተቀመጠች ከማለት በርጩማው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች ማለት ይሻላል። መጽሐፉ የጊዜ ጉዞ ጀብዱ ነው። አንዲት ልጅ አሮጌ የእጅ ሰዓት ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ ወንድሟ ወደሞተበት ቀን ትመለሳለች።

ይበልጣል የማስተዋል ወንድም ነበር። አባታቸው አቶ አለነ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ዛሪማ አጠገብ ሌላ ሥራ ይዘው ሳለ ጎንደር የጀመሩትን ሥዕል ገና ስላልጨረሱ፣ “ቀለሙን ይዘህ ቅደም” ብለው ልጃቸውን በጭነት ማኪና ሰደዱት። ማኪናዋ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠች፤ ይበልጣል አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ አቶ አለነ ብሩሽ አልነኩም፣ የልጃቸውንም ስም አልጠሩም። ማስተዋል ይህን ዝምታ የምትሰብርበት ሌላ ነገር ብታጣ ነው መጽሐፉን የሠራችው። ዛሬም አንብበው ዝም ካሉ ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

ደግሞ መጽሐፉ ራሱ እንከን አያጣውም። የምታሳትምላት ነጃት፣ “ሸጋ ነው፤ ግን ልጅቷ ከቤት ሮጣ ስትወጣ የሆነ ነገር ይጎድላል” ብላታለች። ምኑ እንደሆነ ሁለቱም አላገኙትም።

አቶ አለነ አይቸኩሉም። ገጹን የሚገልጡት እንደ ብራና በሁለት ጣት ነው። ልጅቷ ሰዓቱን ስትጠመዝዝ ፈገግ ያሉ ስለመሰላት ማስተዋልን ቀለል አላት። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ሥዕል የሚስል ሰው ሲያዩ ግን እጃቸው ቀጥ አለ።

“ይሄ እኔ ነኝ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“በአንድ ዓይን ሳልሽኝ።”

ማስተዋል ክው አለች። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ኃጥእና ሰይጣን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን የሠዓሊዎች ሕግ በልጅነቷ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሷ ኮምፒውተር ላይ ስትስል ኖራ ረስታው፣ ሸራው ላይ ያጎነበሱትን አባቷን እንዳየቻቸው ከጎን ሳለቻቸው። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ ኃጥእን በአንድ ዓይን ሲስል ለኖረ ሰው እንዴት ተብሎ ይነገራል?

“አባባ፣ በፈጣሪ! እየሳሉ ስለነበር እኮ ነው... ከጎን ስለሚታዩ...”

“ምነው ትደነግጫለሽ? ልክ ነሽ። እኔም ራሴን ብስል እንዲሁ ነው የምስለው። ‘ቅደም’ ያልኩት እኔ አይደለሁ?”

እንባዋ ቀደማት። ኀዘን ብቻ የያዛቸው ይመስላት ነበር፤ ለካ በራሳቸው ላይ ፈርደው ነው የተቀመጡት!

አቶ አለነ መጽሐፉን ከድነው ሊነሡ ከዘራቸውን ያዙ። ማስተዋል መጽሐፉን ቀማቻቸው ማለት ይቻላል። ያቺን ገጽ ገልጣ አፈጠጠችባት። ልጅቷ አባቷን አልፋ በጓሮ በር ሮጣ ትወጣና ወንድሟን ከማኪናው ታስወርዳለች። አባትየው አንገቱን ሳያቀና፣ አንድም ሰው ሳይጠራው እዚያው ይቀራል። ነጃት ጎደለ ያለችው ይህ ነበር።

“ትንሽ ይቀመጡልኝ፣ አባባ።”

ባዶ ወረቀት ስባ እርሳሷን አነሣች። ልጅቷን በሩ ላይ አቆመቻት። “አባባ!” አስባለቻት። ከሸራው ዞር ያለውን ሰውዬ ፊት ለፊት ሳለችው፤ አንድ ዓይን፣ ቀጥላም ሌላውን። ቸኩላ ስለነበር ሁለተኛው ትንሽ ተንሻፈፈ፤ የድሮ አባቷ ቢሆኑ ይገሥጿት ነበር። ከዚያ እሳቸውን ራሳቸውን ማኪናው በር ላይ አደረሰቻቸው፤ ከላይ ልጃቸው፣ ከታች እሳቸው። በአባትየው አፍ አጠገብ የንግግሩን ክብ ሠርታ ባዶውን ተወችው።

“እዚህ ጋ ምን ይላሉ?”

አቶ አለነ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። አጠፋሁ ብላ ወረቀቱን ልትስብ ስትል ጣታቸውን ባዶው ክብ ላይ አሳረፉ።

“ይበልጣል” አሉ። “ውረድ፣ ልጄ። ቀለሙ ይደርሳል። ነገ አብረን እንሄዳለን።”

እንዳሉት ጻፈችው።