መዝገብ ላይ ያልሰፈረው

ማንኳኳቱ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሐዳሳን ያናደዳት ይኸው ነበር። ሙት ከሆነ እንደ ሙት ወጉ ጨለማ ይጠብቅ፣ ውሻ ያስጩህ። ይኼኛው ግን መብራት ሄዶ የዩኒቨርሲቲው ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ተማሪው ለምሳ ተሰልፎ እያለ፣ ከፍራሽ መጋዘኑ በኩል ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ደጅ ላይ ጫማውን እንዳወለቀ እንግዳ። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚገድላት መጠበቁ ነበር።

«ሰማህ?» አለችው አንድ ቀን ተረኛውን ናስረዲንን።

«ምኑን?»

«ምንም።»

«አንቺ ልጅ ፈቃድ ሙዪና እረፊ። ዓይንሽ የሌላ ሰው መስሏል» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ሐዳሳ የካምፓስ ፖሊስ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው። ደንብ ልብስ አላት፣ ዱላ አላት፣ ፊሽካ አላት። የሌላት ሰው የማሰር ሥልጣን ነበር። አጥፊ ከተያዘ ወዲያውኑ ለከተማው ፖሊስ ማስረከብ ነው ሕጉ፤ ሥልጠና ላይ ተምራዋለች፣ በፈተናውም ከመቶ ዘጠና አምጥታበታለች። ሥራው ግን ሌላ ነው። የክፍሉ ኃላፊ አሥር አለቃ ሽብሩ፣ «ለፖሊስ ከሰጠነው፣ ወረቀቱ እስከ መቃብሩ ይከተለዋል፤ እኛው እንምከረው» ይላል። ምክሩ የሚሰጠው መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ በሩ ከውጭ ተቆልፎ። ተረኛ ሲቀያየር የጠፋ ቁልፍ፣ የተሰበረ መስኮት፣ አጥር ሾልኮ የገባ ውሻ ሳይቀር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የተቆለፈበት ተማሪ አይሰፍርም። ያልተፈቀደልህን ሥራ ፈርመህ አታስቀምጥማ። እሱ የሚተላለፈው በአፍ ነው፤ «ውስጥ አንድ አለ» ተብሎ።

ማንኳኳቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሆሴዕ የሚባለውን ተማሪ አርብ ከሰዓት አመጡት። ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። የዶርም ጓደኛው ስልክ ጠፍቶ ነበር። ሽብሩ እስኪያምን ይቀመጥ አለ፣ ሐዳሳ ቆለፈች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ፣ መብራቱ ሄደ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ። የአጎቷ ልጅ ሽምግልና ነበረባት፣ ባጃጁ በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። መዝገቡን ፈረመች። ለናስረዲን የመስኮቱን ነገር ነገረችው፣ የውሻውን ነገረችው፣ ሮጣ ወጣች።

ስልኩ ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቱ ፍራሽ ሥር ተገኘ። ሆሴዕ እሁድ፣ ሞቶ። አስም ነበረበት።

ቀድሞ የደረሰው ሽብሩ ነው፤ ቁልፉን ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ሪፖርቱ «ተማሪው ለማረፍ በራሱ ፈቃድ ገብቶ» ብሎ ይጀምራል። እውነቱን የሚያውቁት እሱና ሐዳሳ ብቻ ናቸው፤ መዝገቡም አፉን ዘግቷል።

በአራተኛው ሳምንት ሽብሩ አንድ ወረቀትና የልጁን ሻንጣ ይዞ መጣ። ወረቀቱ «ቤተሰቡ በአሟሟቱ ላይ ቅሬታ የለንም» ይላል፤ የሚቀረው የአባትየው ፊርማ ነው።

«አንቺ ሂጂ። እንደነሱ የሌሞ አገር ልጅ ነሽ፣ ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ። ከፈረመ አለቀ።»

«ካልፈረመስ?»

«ካልፈረመ ዓቃቤ ሕግ አንድ በአንድ ይጠራናል። ቁልፉን ማን ቆለፈው ሲባል እኔ አልቆለፍኩም፣ ሐዲ።»

እህል ያለባቸውን ማሳዎች አቋርጣ በጋሪ ሄደች። የፈረሱ ኮቴ ድንጋይ በነካ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰብ ነበር።

አባትየው አቶ ጠና ደጅ ወጥተው ተቀበሏት። የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ አሁንም ሲቀመጡ ችሎት የሚሰየሙ ይመስላሉ። እናትየው ወይዘሮ ጥሩሰው ሻንጣውን ከእጇ ተቀብለው፣ ሳይከፍቱት፣ አልጋው ላይ እንደሚተኛ ልጅ አጋደሙት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት አቶ ጠና በሀዲይኛ።

የአባቷን፣ የአያቷን፣ የጎሳዋን ስም ጠራች።

«እንዲያ ከሆነማ እናቴ ካንቺ ጎሳ ናት። ቤትሽ ነው የመጣሽው» አሉና ወደ ጓዳ ዞሩ፤ «ለልጅቷ አቅርቡላት።»

ወረቀቱን ልታወጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። አቶ ጠና መዳፋቸውን አነሡ። «ቆይ። እህል ሳይቀመስ ወሬ አይወራም።»

አተካና ቀረበ፤ ከእንሰት ቡላ ተሠርቶ በቅቤና በአይብ የራሰ፣ ትኩስ። ለሐዘንተኛ ቤት ብዙ ነው። ለዘመድ ተብሎ የተሠራ ነበር።

ሐዳሳ ሳህኑን አየችው። አገሩ የሚያውቀውን እሷም ታውቃለች፤ በመካከላቸው ደም ያለ ሰዎች፣ ሽማግሌ ገብቶ ደሙን እስኪያጥበው ድረስ፣ ከአንድ ገበታ አይበሉም። የበላ እንደሆነ እህሉ ይፈርድበታል። ቤተ ክርስቲያን ስንቱን ልማድ ስታስጥል ይህን አላስጣለችም፤ ፓስተሩም ራሱ አይደፍረውም። ለሽብሩ ቀላል ነው፤ እሱ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ማንኪያውን አንስቶ ይጠቀጥቅ ነበር። የሷ እጅ ግን ጭኗ ላይ ቀረ።

«ብዪ እንጂ» አሉ አቶ ጠና።

«ጠግቤ ነው የመጣሁት፣ አባ።»

«ቅመሽ ብቻ። ዘመድ አያፍርም።»

«ሆዴን አሞኛል።»

እናትየው ቀና አሉ። አቶ ጠና እጇን አዩት፣ ቀጥሎ ፊቷን፣ ቀጥሎ ሳህኑን። የአተካናው እንፋሎት ጠፋ። እሷ ጥፍሯን ታያለች። አንድ ጉርሻ ብቻ ብትጎርስ ወረቀቱ ይፈረማል፣ ደመወዟ ይቀጥላል፣ እናቷ አንገቷን አትደፋም። አንድ ጉርሻ።

«ልጄ» አሉ አቶ ጠና፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ስንት ሰው ዳኝቻለሁ። ምስክር ሲዋሽ አውቃለሁ። የማይበላ ሰው ግን አይዋሽም። ምን አለ በመካከላችን?»

«እኔ ነኝ የቆለፍኩበት» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስልኩን፣ ዝናቡን፣ ባጃጁን፣ ሽብሩ ኪስ የገባውን ቁልፍ፣ ልታስፈርማቸው ያመጣችውን ወረቀት። እያነሰች እያነሰች መጣች፤ የደንብ ልብሱ ብቻ ወንበሩ ላይ የቀረ እስኪመስል።

አቶ ጠና ከለቅሶ በፊት ችሎት ቀደማቸው። «ፖሊስ እንኳ ሰው ሲይዝ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል። እናንተ በማን ሥልጣን ነው የያዛችሁት?»

«በማንም።»

«መዝገብ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት?»

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ። እስከ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አባ።»

ያኔ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

እናትየው ግን አላለቀሱም። ተነሥተው ሳህኑን ከፊቷ አነሡ፤ በቁጣ አይደለም፣ መሆን ያለበትን እንደሚያደርግ ሰው። ከዚያ አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«በሩ ብረት ነው?»

«ቺፕውድ ነው፣ እማ።»

«ወፍራም?»

«ስስ ነው። የላይኛው ማጠፊያ ከተነቀለ ቆይቷል።»

«የኔ ልጅ እንሰት ሥሩን ፈንቅሎ ይነቅል ነበር» አሉ ወይዘሮ ጥሩሰው። «ባለፈው ክረምት የበሬውን በረት አጥር ብቻውን አንሥቶ ተክሏል። አንድ እርግጫ ነበር የሚበቃው። ለምን አልሰበረውም?»

ሐዳሳ መልሱን ታውቀው ነበር፤ አራት ሳምንት ሙሉ ያወቀችው እሱን ብቻ ነው። «ስቆልፍበት፣ ‹እህቴ፣ መቼ ትመጫለሽ?› አለኝ። ‹አሁን እመለሳለሁ፣ በሩን እንዳትነካ፤ ከነካህ ሌላ ክስ ይጨመርብሃል› አልኩት።»

«እሺ አለሽ?»

«እሺ አለኝ።»

እናትየው ወደ ባላቸው ዞሩ። አቶ ጠና ጋቢው ውስጥ እንደተሸፈኑ ናቸው። «ሰማህ? የመንግሥት ልብስ የለበሰ ሰው ሲያዝህ እሺ በል ብለህ አስተማርከው። ከሕጻንነቱ ጀምሮ። እሷ ሥልጣን የላትም። እሱ ግን አላት ብሎ አምኖ ተቀመጠላት።»

ጋቢው ውስጥ የነበረው ሰው ተንቀጠቀጠ።

ቆይተው አቶ ጠና ፊታቸውን ገለጡ። ያልተፈረመውን ወረቀት ጠየቁ፣ ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ከነእስክሪብቶው ሰጧት። «ጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያዘዘውን፣ የቆለፈውን። የልጄንም ስም ሙሉ ጻፊ፤ የአያቱን ስም እኔ እነግርሻለሁ። ነገ ጠዋት አብረን ዓቃቤ ሕግ ዘንድ እንሄዳለን። የሽማግሌው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱ ስላለ ሌላው አይቀርልሽም።»

«እሺ፣ አባ» አለች ሐዳሳ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉልበቷ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ የልጁን ስም ጻፈች።