ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ከሃዲ

እስከዳር ከሃዲውን ለአምስተኛ ጊዜ ልታሰቅለው ሦስት ገጽ ብቻ ቀርቷት ሳለ የሆቴሉ ስልክ ጮኸ። እንግዳ መስሏት በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም ሰላምታ ደረደረች፤ አክስቷ አባይነሽ ነበረች።

«ሽማግሎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። አደራ፣ እንዳትለሳለሺ» አለቻትና መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው።

እስከዳር መጽሐፉን መልሳ ገለጠች። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ከነጋ ሰው አልረገጠውም። መንገዱ ሰላም ካጣ ወዲህ ፈረንጅ የሚባል ከጎንደር ጠፍቷል፤ እሷም አስጎብኚነቱን ትታ ቁልፍ የሚወስድ የሌለበት የቁልፍ ሰሌዳ ጠባቂ ሆናለች። መጽሐፉን ያገኘችው የድሮ እንግዶች ጥለዋቸው ከሄዱት መካከል ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው የፈረንሳይ የጦርነት ግጥም ሲሆን በግራው ገጽ ጥንታዊው፣ በቀኙ የዛሬው ፈረንሳይኛ ታትሞበታል። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፈረንሳይኛ ምግብ ከማዘዝ ላለፈ ነገር የጠቀማት በዚህ መጽሐፍ ብቻ ነው ብትል ብዙም አልዋሸችም።

ግጥሙን ስትወደው ለጉድ ነው። አንድ ጀግና ባንድ ምት ፈረሰኛውን ከነፈረሱ ለሁለት ሲሰነጥቅ ብቻዋን ትስቃለች። ፈረሱ ስም አለው፣ ሰይፉ ስም አለው፤ ተዋጊው ከመምታቱ በፊት የአባቱን ስም እየጠራ ይፎክራል። ያገሯ ሰው ነው እንዴ ያሰኛታል። ያው አንድ ሞት ደግሞ ሦስት ጊዜ ይተረካል፤ በየጊዜው ቃሉ ጥቂት ይለወጣል። መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን ሙሾ አውራጅ ለቅሶ ላይ እንደምታደርገው መሆኑ ገባትና ሦስተኛውን ዙር ስታነብ ዕንባዋ ይመጣ ጀመር።

ከሁሉ በላይ የምትወደው ግን ከሃዲውን መጥላት ነው። አንድ መስፍን ከተማው ተከቦ ሳለ የድልድዩን በር ቁልፍ ለልብ ወዳጁ ይሰጠዋል፤ አንድ ንጋት በሩ ተከፍቶ ይገኛል። ገጣሚው ይህን ወዳጅ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ «ከሃዲው» ይለዋል። ወይን ሲቀዳ ከሃዲው ነው፣ ፈረስ ሲጭን ከሃዲው ነው። ማን ክፉ ማን ደግ እንደሆነ ሳይለይ አንባቢን ከሚያንከራትት የዛሬ ልብወለድ ይህ ስንት ጊዜ ይሻላል እያለች ታስብ ነበር።

እሷም የራሷ ከሃዲ ነበራትና ይህን መውደዷ አያስገርምም። ዳኛው የሚባለው አባቷ በቀይ ሽብር ዘመን እንፍራንዝ አጠገብ በሰው ቤት ተደብቆ ነበር፤ እሷ ገና አልተወለደችም። የት እንዳለ ከባለቤቶቹ ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ታላቅ እህቱ አባይነሽና ስንቅ የሚያመላልስለት የልብ ወዳጁ ክንዱ። ወታደሮች መጡ፤ ዳኛውንም የቤቱን ባልና ሚስትም ወሰዱ፤ ቤቱን በዚያው ቀን አቃጠሉት። ከተወሰዱት አንድም አልተመለሰም። ክንዱ ወደ ጃናሞራ ሸሸ። ስሙ በእነ አባይነሽ ቤት ለአርባ ሰባት ዓመት ያለ «ከሃዲው» ተጠርቶ አያውቅም።

አሁን ያ ሰው ለቀዶ ሕክምና ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ጎንደር ወርዷል። ከቢላዋው በፊት መታረቅ ይፈልጋል። የንስሐ አባቱ አባ ገብረ ኢየሱስ ባለፈው ሳምንት ነገሩን ይዘው ሲመጡ አንድ የከበዳቸው ነገር ነበር። ያጠፋ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል፤ ክንዱ ግን ታረቁኝ ይላል እንጂ ድንጋዩን አልሸከምም ብሏል። አባይነሽ «አያችሁ ትዕቢቱን!» ብላ ነበር። እስከዳርም በልቧ አዎን ብላለች። የዳኛው ልጅ እሷ ብቻ ናትና እሺም እምቢም የሚባለው በእሷ አፍ ነው።

የክንዱ እምቢታ ግን በምግብ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ሆኖባታል። ሊሞት የፈራ ሰው ይቅርታ ፈልጎ ድንጋይ እንዴት ይከብደዋል? ገጹን ወደ ኋላ መለሰች። በሩ የተከፈተበትን ንጋት አገኘችው። ደግማ አነበበችው፤ የግራውንም የቀኙንም። በሩ ተከፍቶ ተገኘ ይላል እንጂ ማን እንደከፈተው አይልም። ሦስት ጊዜ ተርኮታል፤ በሦስቱም አይልም። አራት ጊዜ አንብባው ይህን አላየችም። ከሃዲው መባሉን አምና ሰውየውን አራት ጊዜ አሰቅላዋለች። «ገጣሚው የት ቆሞ አየ?» አለች ጮክ ብላ፤ ደግሞም ሳቀች።

ሳቁ አፏ ላይ ቀረ። አባይነሽም ስትተርክ እንደዚሁ ናት፤ ሁልጊዜ በዚያው ቃል። «ያ ከሃዲ ስንቅ ቋጠረ፤ ያ ከሃዲ መንገድ ገባ። ወታደሮቹ ደረሱ፤ ቤቱን አልበረበሩም፤ ቀጥ ብለው ገብተው ከሦስቱ ጎታዎች መካከለኛውን ገፉ፤ ከጀርባው ባለው ጉድጓድ ውስጥ ወንድሜን አገኙት።» አባይነሽ ያን ቀን ጎንደር ነበረች። በቤቱ የነበሩት ሁሉ አልቀዋል፤ ቤቱም ጎታውም አመድ ሆኗል።

ቀጥ ብለው መካከለኛውን ጎታ መግፋታቸውን ማን ነገራት?

እስከዳር በራሷ ሐሳብ ደነገጠች። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት፣ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ያስተማረቻት ሴት ናት። መጽሐፍ ማብዛት ነው እንዲህ የሚያደርገኝ ብላ ራሷን ተቆጣች። ቀኑን ሙሉ ግን አንድ መስመር ማንበብ አልቻለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሎቹ እስከዳርና አባይነሽ ወደሚኖሩበት የቁስቋም ቤት ገቡ። ክንዱ ከበሩ ሥር ቆመ። የሐኪም ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ ነው፤ ጋቢው ከሰውነቱ በልጦታል። እስከዳር ይህን ያህል ከሲታ ሰው ስትጠላ መኖሯ አሳፈራት፤ ማፈሯም አናደዳት። አባይነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

አባ ገብረ ኢየሱስ ስለ ሰላም ያዘጋጁትን ተናገሩ። ሲጨርሱ እስከዳር «አያ ክንዱ፣ ድንጋዩን ምነው እምቢ አሉ?» አለች።

«ያላጠፋሁትን አልሸከምም።»

«ታዲያ ምነው ታረቁኝ አሉ?»

«ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርሁ። ምናልባት ኮቴየን ተከትለው ደርሰውበት ይሆን? ይህን ስጠይቅ ኖርሁ። ልጄ፣ ከእናንተም በላይ ራሴን የጠረጠርሁ እኔ ነኝ። ሸጋ ሰው ነበር አባትሽ።»

አባይነሽ ከት ብላ ሳቀች። «አሁንማ ለቅሶ ሊቀመጥ!»

እስከዳር ወደ አክስቷ ዞረች። ይህን ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ይህ ቤት እንደ ጥንቱ እንደማይሆን አውቃለች። ብትተወው ደግሞ ሰውየው ነገ ከሃዲ ተብሎ ቢላዋ ሥር ይገባል።

«እትዬ፣ መካከለኛውን ጎታ መግፋታቸውን ማን ነገረሽ?»

«ሰው ነዋ!»

«የትኛው ሰው? ከዚያ ቤት በሕይወት የወጣ አለ?»

ክንዱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጎታው መገፋቱን ሲሰማ የመጀመሪያው መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል። አባይነሽ ነጠላዋን አጠበቀች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠበቀች። ከሽማግሎቹ አንዱ ሊናገር ሲል አባ ገብረ ኢየሱስ በእጃቸው ከለከሉት።

«ደም ያስለው ነበር» አለች አባይነሽ ለግድግዳው። «ጉድጓድ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ። የወታደሮቹ ሻምበል አስሬ አሳክመዋለሁ አለኝ፤ በማርያም ምሎልኛል። ዓመት ታስሮ ይውጣ ብየ ነው። እዚያ ከሚሞት ብየ ነው። ጎታውንም የነገርኋቸው በፍተሻ ብዛት እንዳያንገላቱት ብየ ነው።» ከዚያ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። «ሳይመለስ ሲቀርስ፣ እኔ ነኝ ብየ ላሳድግሽ ነበር?»

ክንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እስከዳር አክስቷን ጠላቻት፤ አሳዘነቻትም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት። የዚያች ሴት እጅ ከግድግዳው ላይ ልስኑን እየፋቀ ነው። ይህ እጅ ነው ጸጉሯን ሹሩባ እየሠራ ያሳደጋት።

አባ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለአንድ ሰው ዕርቅ የመጡ ናቸውና ክፍሉን ግራ ተጋብተው ዞር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ እንግዲህ ይቅር በይ» አሏት። ማንን እንደሆነ ግን አልነገሯትም።