ጣሳው የመረጠው ጎማ

ሐሙስ ዕለት እንቁላል የጫነች ብስክሌቴን እየገፋሁ ጀሞ ስደርስ፣ እትዬ ቀመሪያ የኬክ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጎማዬ በዚያ ሳምንት ሲተነፍስ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«ሚሳኤል፣ እኔ የምጋግረው በእንቁላል ነው፤ በይቅርታ አይደለም» አሉኝ። «ቅዳሜ የሠርግ ኬክ አለብኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ትሪ እንቁላል እዚህ ካልደረሰ፣ ከእሑድ ጀምሮ ሌላ ሰው ያመጣልኛል።»

«እሺ» አልኩ። ሰው ፊት ስቆም ከዚህ ቃል ሌላ ብዙ አይወጣኝም።

ይህን ሥራ የምወደውም ለዚህ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ሳቆም መጀመሪያ የገባሁት ታክሲ ላይ ረዳት ሆኜ ነበር። «ጀሞ፣ ጀሞ» ብዬ መጣራት ስላልቻልኩ መኪናው ባዶውን ሄደ፤ በሁለተኛው ቀን ሾፌሩ በሰላም አሰናበተኝ። እንቁላል ግን አይጣሩለትም። ጠዋት ሀና ማርያም ካለው የጫልቱ ዶሮ ርባታ እጭናለሁ፣ ጀሞ አወርዳለሁ። በመሀል ያለነው እኔና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር የገጠምኩላት ብስክሌቴ ብቻ ነን። ይህን መንገድ ካጣሁ ወደ መጣራቱ መመለሴ ነው።

ስለዚህ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጎፋ ታክሲ ተራው አጠገብ ወዳለው የሳዳም ጎማ መሸጫ ሄድኩ። ሳዳም እኩያዬ ነው።

«ምን ልስጥህ?» አለኝ።

«ጠንካራ ጎማ፤ የማይበሳ።»

ይህን ስል ደጁ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ተራ አስከባሪዎች ተነሡ። እኛ ሰፈር ማንም ሰው ጎማ ብቻውን አይገዛም። ያየ ሁሉ መጥቶ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ ያነሣዋል፣ ያሸተዋል፤ ከዚያ ይፈርዳል።

«አጅሬ ዛሬ ሦስት ቃል ተናገረ» አለ ክብረት፣ የተራ አስከባሪዎቹ አለቃ። «ሳዳም፣ ያንን ጥርሳሙን አውርድለት።»

ጥርሳሙ ጎማ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ላይ የበቀሉት ጥርሶች አውራ ጣት ያክላሉ።

«ይኼ ዳገት እየቧጠጠ ነው የሚወጣው» አለ አንዱ።

«ሚስማር ራሱ ሲያየው ይታጠፋል» አለ ሌላው።

«ግመል ብትጭንበት አይሰማውም» አለ ክብረት፤ ጎማውንም እንደ በግ ደባበሰው።

እኔ በልቤ፣ የእኔ መንገድ ጭቃ የለውም፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው እያልኩ ነበር። አፌ ግን «እሺ» አለ። ሁለት ጥርሳም ጎማ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሳዳም ከኋላዬ «መንገድ ካልነካ ትመልሰዋለህ» አለኝ። በዕድሜዬ አንድም ዕቃ መልሼ እንደማላውቅ አልነገርኩትም።

ጎማዎቹን ለማስገጠም ወደ ጋሽ ወጋየሁ ሄድኩ። ጋሽ ወጋየሁ ከቤታችን በታች ባለው ጥግ የሚሠሩ ጎሚስታ ናቸው። የተነፈሰ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ሲመለከቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ትከሻዬ ላይ ያለውን አይተው ሥራቸውን አቆሙ።

«ልታርስ ነው?» አሉኝ።

«ጠንካራ ነው ብለውኝ ነው።»

«እነማን?»

«ሁሉም።»

ሳቁና ከመደርደሪያቸው ላይ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አወረዱ። በጠመኔ ስሜ ተጽፎበታል። ጋሽ ወጋየሁ ከደንበኛ ጎማ ነቅለው ያወጡትን አይጥሉም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ጣሳ አላቸው። እኔ ለጨዋታ የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር። ጣሳዬን ጨርቅ ላይ ገለበጡት።

«ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ስንቱ ሚስማር ነው?»

አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። አንድም ሚስማር የለም። ሁሉም ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ብረት የሚያስሩበት፣ ጫፉን በፒንሳ ቆርጠው የሚጥሉት ሽቦ። ከሀና ማርያም እስከ ጀሞ ድረስ የመንገዴ ግራና ቀኝ ግንባታ ነው።

«በል አሁን ጥርሱን ተወውና በጥርሶቹ መሀል ያለውን ቆንጥጠው» አሉኝ።

ቆነጠጥኩት። ከሩቅ ሲያዩት የሚያስፈራው ጎማ መሀሉ እንደ ወፍራም ጨርቅ ታጠፈልኝ።

«አየህ? ሽቦ ጥርስ ላይ ምን አስወጣው፤ በመሀል ገብቶ ይወጋሃል። ደግሞ በዚህ ጥርስ ኮብልስቶን ላይ ስትነዳ፣ ቀመሪያ እንቁላል መምታት አይጠበቅባትም። አንተው መትተህ ታደርስላታለህ።»

«ታዲያ የትኛውን ልግዛ?»

«ፊቱ ዝግ የሆነውን። መሀሉ ሲቆነጠጥ እምቢ የሚል፣ ከሥሩ ሁለተኛ ንጣፍ ያለው። ጎኑ ግን ለስለስ ይበል፤ ንዝረቱን የሚችልልህ እሱ ነው። ጎኑን አጥፈህ ሳታይ እንዳትወስድ።»

«ሰዎቹ እዚያው ናቸው» አልኩ ቀስ ብዬ።

ጋሽ ወጋየሁ ሽቦዎቹን ወደ ጣሳው መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «መናገር ካቃተህ ገልብጠው።»

የሳዳምን ሱቅ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። በሦስተኛው ክብረት አየኝ።

«ጥርሳሙ ተመለሰ» አለ። «ምነው፣ ነከሰህ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ሳዳም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ። ጎማዎቹን መሬት አስቀመጥኩና ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ገለበጥኩት። ሽቦዎቹ እየተንሿሹ ወጡ። ሳቁ ቆመ፤ ሰዎቹም ቀረብ አሉ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሳዳም።

«ከጎማዬ የወጣ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ። «አሥራ አንዱም ሽቦ ነው። ጥርሱ ለሚስማር ይሆን ይሆናል፤ ሽቦ ግን በመሀል ይገባል። ቆንጥጣችሁ እዩት።»

ክብረት ቆነጠጠ። ከዚያ ሌሎቹ በተራ ቆነጠጡ።

«እውነቱን ነው፤ የእኔ ሸሚዝ ይወፍራል» አለ ክብረት፤ ስለ ግመሉ ያወራው ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

ሳዳም ሳይከራከር በር ላይ ከተንጠለጠሉት ሌላ ጎማ አወረደ። ፊቱ ዝግ ነው። መሀሉን ብቆነጥጠው እምቢ አለኝ፤ ደስ አለኝ። ሰዎቹም «ይኸው፣ አለቀ፤ ውሰደው» አሉ። ጎኑን አጠፍኩት። እንደ ደረቀ ከንፈር የተሰነጣጠቁ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ አሉ። ለስንት ወር በር ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ በልቶታል።

«እሺ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የእትዬ ቀመሪያ ሁለት ሰዓት ትዝ አለኝ።

«አይ» አልኩ። «ፀሐይ ያልነካው አምጣልኝ። ከውስጥ።»

ሳዳም አየኝና ፈገግ አለ። «ይኼ ነው ሸማች» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ጎማዎች ይዞ መጣ። ቆነጠጥኩ፤ አጠፍኩ፤ ውስጡን በጣቴ ዳበስኩ፤ ሁለተኛው ንጣፍ ይሰማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም አልፈረደም። እኔን ይጠብቁ ነበር።

«ይኼ ነው» አልኩ።

«ዳኛው ፈረደ» አለ ክብረት፤ ጣሳዬንም ራሱ ሽቦዎቹን ለቅሞ ሞላልኝ።

ጋሽ ወጋየሁ የዚያኑ ቀን ሳይመሽ ገጠሙልኝ። ነፋስ ሲሞሉም እንደ ድንጋይ አላደረቁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጫልቱ ትሪዎቹን ስታስርልኝ «ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው የምታፏጨው?» አለችኝ። እያፏጨሁ መሆኔን አላወቅሁም ነበር። አስፋልቱን በሰላም ጨረስኩ። ጀሞ ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ ፉጨቴን አቁሜ ከኋላዬ አዳመጥኩ። ዘወትር የሚንገጫገጨው የትሪዎቹ ሳጥን ዝም ብሏል።

ለሁለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። እትዬ ቀመሪያ ስምንቱንም ትሪ እየከፈቱ አዩ። በመጨረሻው ትሪ ጥግ ላይ አንዲት እንቁላል ተሰንጥቃለች። አነሧትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህቺ ቁርስህ ናት» ብለው ጠብሰው በዳቦ ሰጡኝ። ከዚያ ወደ ብስክሌቴ ጎንበስ አሉና እንደ ማንኛውም ሰው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ሲጫኑት አይታወቅም» አልኩ አፌ ሙሉ እንደሆነ። «መቆንጠጥ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለካስ ትናገራለህ» አሉ። «በል ስማ፤ ከእሑድ ጀምሮ…»

ዳቦውን ማኘኬን አቆምኩ።

«…ከእሑድ ጀምሮ ጎፋ ኬክ ቤት ለከፈተችው ለእህቴም ታደርስላታለህ። እሷ ከእኔ ትብሳለች፤ ሰዓት ታያለች።»

«እሺ» አልኩ። የዚያን ቀኑ «እሺ» የራሴ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ብስክሌቴን ሳጥብ ጎማው ፊት ላይ አንድ ሽቦ ተሰክቶ አገኘሁ። በፒንሳ ሳብኩት። ጫፉ ንጣፉ ጋ ደርሶ እዚያው ታጥፏል። ይዤው ወደ ጋሽ ወጋየሁ ሮጥኩ።

«ጣሳው ውስጥ ይግባ?» አልኳቸው።

አገላብጠው አዩት። «ያልወጋ አይገባም» ብለው መለሱልኝ። «ገበያዬን ዘጋህብኝ። ትናንት ደግሞ ክብረት መጥቶ የጓደኞቹን ጣሳ በሙሉ ወስዶ ጎማ ሊመርጥላቸው ሳዳም ጋ ሄደ።»

ሽቦውን ኪሴ ከተትኩ፤ የጎፋን ዳገት እያፏጨሁ ወጣሁት።