የቁም ሳጥኑ ባቄላ

ጋሽ ቁልፉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእስር ቤት በር ሲዘጉና ሲከፍቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ሰፈር አንዴ ካወጣልህ የእናትህን ማን ያስታውሰዋል! ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ ሥራውስ መች ለቀቃቸው? ዛሬም ደብተር ከኪሳቸው አይጠፋም። ድመቷ ሳትቀር የወጣችበትና የገባችበት ሰዓት ይመዘገባል።

የልጅ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ናት። ጥያቄዋ ማለቂያ ስለሌለው «ወይዘሪት ለምን» ይሏታል። አንድ ሰኞ እርጥብ ጥጥና አንድ አንድ ባቄላ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች ይዛ ከች አለች።

«አባባ፣ ይሄኛው መስኮት ላይ ይሆናል፣ ያኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ይዘጋበታል። እስከምናቀርብበት ቀን እንዳታዩት ብላናለች መምህራችን። ውሃ እርስዎ ያጠጡልኝ፤ ቁልፉም እርስዎ ጋ ይሁን።»

«የቁም ሳጥኑ ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም አላጠፋም። ብርሃን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው።»

«ምንም ሳያጠፋ!» አሉ ጋሽ ቁልፉ፣ ቁልፉን እየተቀበሉ።

ነገሩ ለልጅቷ ቀልድ አልነበረም። ባለፈው ስለ ዝናብ ልትናገር ክፍል ፊት ቆማ ድምጿ ድርግም ብሎባት፣ ልጆቹ ስቀውባት፣ እያለቀሰች ነው የገባችው። አሁን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ልትቆም ነው።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ ቁልፉ ውሃ ሊያጠጡ ቁም ሳጥኑን ቢከፍቱ፣ ባቄላው በካፖርቶቹ መሃል ነጥቶና ጎብጦ ወደ በሩ ስንጥቅ አንገቱን አስግጓል።

«ኧረ በሕግ አምላክ! የዕድሜ ልክ ፍርደኛ እንኳ በቀን አንድ ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል!»

ግቢ አወጡት። በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸውም ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጠበቁት፤ ማን ያውቃል፣ ቢያመልጥስ! ሰዓቱ ሲሞላ መልሰው ቆለፉበት። በማግስቱም እንዲሁ። በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ለመልካም ጠባዩ ሁለት ሰዓት ተፈቀደለት።

በዋዜማው ልጅቷ መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰሟት፦ «የቁም ሳጥኑ ባቄላ ቢጫ ሆኗል፤ ምክንያቱም ተክል ያለ ብርሃን ምግቡን መሥራት አይችልም።» ጋሽ ቁልፉ ክው አሉ። ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱና ፈሩ። እስረኛ ሲፈራቸው የኖሩ ሰው አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ፈሩ!

በነጋታው ብርጭቆዎቹን በጨርቅ ሸፍነው፣ ተሸክመው አብረዋት ሄዱ፤ ከኋላ ወንበርም ተቀመጡ። ልጅቷ ቆመች። ድምጿ ዛሬ አለ። «የቁም ሳጥኑ ባቄላ ቢጫ ሆኗል!» ብላ ጨርቁን ገለጠች።

ባቄላው አረንጓዴ! ደልቶት ቅጠሉን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ውሸታም! መስኮት ላይ አስቀምጣው ነው!» አለ አንዱ። ልጅቷ ጨርቁን መልሳ ልትሸፍነው እጇን ዘረጋች።

ጋሽ ቁልፉ ብድግ አሉ።

«መምህርት፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት። ያስወጣሁት እኔ ነኝ» ብለው ደብተሩን ሰጧት።

መምህርቷ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ዓርብ። ባቄላው አራት ሰዓት ወጣ፣ አምስት ሰዓት ገባ። መልኩ የገረጣ ነው። ማክሰኞ። ወጣ፣ ገባ። መልኩ ተመልሷል፣ አረንጓዴ ሆኗል። ጠባዩ መልካም ነው።» ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለችም፤ እሷም ሳቀች።

ወይዘሪት ለምን ግን አልሳቀችም። ደብተሩን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከዚያ የሸመደደችውን ትታ፣ በራሷ አፍ እንዲህ አለች።

«ጨለማ ውስጥ ሳለ ገርጥቶ ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ሰዓት ብቻ! ተክል ብርሃን ያስፈልገዋል፤ ይኸው ተጽፏል።»

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። እሷ ግን ወደ አያቷ ዞረች።

«አባባ፣ ለምን አወጡት?»

ጋሽ ቁልፉ ደብተራቸውን ከእጇ ተቀበሉ።

«ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ይዤ፣ ስንቱ ያሳዝነኝ ነበር ልጄ። አንዱንም ያለ ትእዛዝ አላወጣሁም። ለዚህ ግን አዛዥ አልነበረብኝም።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ባቄላዎች ግቢ ውስጥ ተከሉ። ጋሽ ቁልፉ ደብተራቸውን አውጥተው «ዘጠኝ ሰዓት ወጣ» ብለው ጻፉ። ከጎኑ ያለውን «ገባ» የሚለውን ቦታ ሰረዙት።