በውሰት መያዣ ላይ የተገኘች ቅንጣት

አስሩ ነጥቦች የማይክሮስኮፑ ስክሪን ላይ ክብ ሠርተው ሲበሩ እልል ማለት አማረኝ። አላልኩም። ኃላፊያችን ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ይሄ ያንቺ ቅይጥ ነው?»

«አዎ።»

«ከቁም ሳጥኑ የወጣ አይደለም?»

ፊቴ ጋለ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለማነጻጸሪያ የምናስቀምጠው፣ አይረን የሚባለው ብረት ያለበት ቅይጥ አለ። አተሞቹ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ ንድፋቸው ግን እንደ ሌሎች ክሪስታሎች ራሱን አይደግምም። አስር ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እኔ ይህንኑ ያለ ብረት ለመሥራት ስለፋ ከርሜአለሁ። ዛሬ ተሳካልኝ ስል ሌባ ልባል ነው።

«ምን ያጨቃጭቃል፣ ቅንጣቷን እንመርምራት» አሉ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት እትዬ። «ብረት ካለባት የእሷ አይደለችም። ከሌለባት አንተ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

የማይክሮስኮፑን ጨረር ቅንጣቷ ላይ አሳረፉ። ብረት አለባት።

ኃላፊያችን መነጽሩን አወለቀ። ዕቃሽን ሰብስቢ ሊለኝ እንደሆነ ገባኝ። ያን ጊዜ ቆጣቢው የምንለውን አየሁት። ጠረጴዛ የምንጋራ ባልደረባዬ ነው፤ ጠዋት የናሙና መያዣዬ ሲጠፋብኝ የራሱን ያዋሰኝ እሱ ነው። አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

«እትዬ፣ የእኔ ቅይጥ ዱቄት ያልነካው የመያዣው ጥግ ላይ ያሳርፉልኝ» አልኩ።

ጥጉ ላይ ባለው ማጣበቂያም ቅንጣት ተጣብቋል። እዚያም ብረት።

«ማጣበቂያውን አልቀየርከውም?» አለው ኃላፊያችን።

«አዲስ እኮ ነው። የቁም ሳጥኑን ናሙና አንዴ ብቻ ነው ያየሁበት…»

«አዲስ ይላል እንዴ! አንተ የጥርስ መጎርጎሪያ አጥበህ የምታሰጣ ሰው!» አሉ እትዬ።

የቀረውን ዱቄቴን በአዲስ ማጣበቂያ አየነው። አስር ነጥብ የለም፤ ንድፉ ሁሉ ራሱን ይደግማል።

«እሺ፣ አልሰረቅሽም» አለኝ ኃላፊያችን። «ግኝትም የለም።»

እነሱ ሲወጡ ቆጣቢው ወደ እኔ ዞረ። «በናትሽ፣ ሆን ብዬ አይደለም። ነይ ሻይ ልጋብዝሽ።»

ጠዋት መያዣዬን ሳስስ «አትድከሚ፣ የእኔን ውሰጂ» ያለኝ ትዝ አለኝ። ምን እንደጠፋኝ ገና ሳልነግረው ነበር ያለኝ።

«መጀመሪያ መሳቢያህን ክፈትልኝ።»

«እንዴ፣ እኔን ጠርጥረሽ?»

«ክፈተው።»

ከፈተው። ያገለገሉ ማጣበቂያዎች፣ የተጠቀለሉ ገመዶች፣ ባዶ ብልቃጦች። ሁሉም በወግ በወጉ ተደርድሯል። የእኔ መያዣ የለም።

«አሁንስ አመንሽኝ?» አለኝ፤ ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

አንጀቴን በላው። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«የታችኛውን መሳቢያስ?» አልኩት።