የሂልዳ ፕላውራይት ቦታ

የገበያ ከተማዋ ማርልቤክ ታደሰች አሉ። የእህሉ አዳራሽ የሀብታም መኖሪያ ሆነ፤ የከብት ተራው ላይ ትልቅ መደብር ተገተረ፤ አደባባዩም አዲስ ድንጋይ ሊነጠፍለት ታጠረ። ሥራው እስኪያልቅ ገበያው ወደ መኪና ማቆሚያው ይሂድ ተባለ።

ሂልዳ ፕላውራይት ግን ንቅንቅ አልልም አለች። ዓሣ የምትሸጠው አደባባዩ መሀል ካለው የድንጋይ መስቀል ሥር ነው። እናቷም እዚያው ሸጣ እዚያው አርጅታለች።

«ሂልዳ፣ ነገር አታክርሪ» አላት ጎረቤቷ ሬጅ፣ ፍራፍሬ ነጋዴው። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። አንቺ ባትመጪም ባዶ ሣጥን በስምሽ ላስቀምጥልሽ።»

«ሣጥኑን ለራስህ አስቀምጠው፤ ሳልህን ስሰማው ቶሎ ትፈልገዋለህ! የመኪና ዘይት ላይ ቆሜ ዓሣ አልሸጥም። እኔ ቦታ አለኝ።»

«አፍሽስ ከዓሣሽ ይብሳል!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ሣጥኑን ግን አላስቀመጠም፤ ያለፈቃዷ ነገሯን የነካ ወዮለት።

የማርልቤክ ደንብ አጭር ነው። ሰው ቢታመም ጎረቤቱ ዕቃ አስቀምጦ ቦታውን ይጠብቅለታል። ሰውም ዕቃም የጠፋበት ቦታ ግን የተተወ ነው፤ ለቆመው ይሰጣል። ሂልዳ ራሷ በዚህ ደንብ ስንቱን አስነስታለች፤ አልቅሶ የለመናትንም ጭምር። ደንቡ መኪና ማቆሚያ ድረስ ተከትሏቸው ይሄዳል ብላ ግን አላሰበችም።

ሂልዳ ሳትነግድ ቤቷ ከረመች፤ በጸደይ አጥሩ ተነሥቶ ገበያው ተመለሰ። ሂልዳ ዓሣዋን ጭና ስትደርስ መስቀሉ ሥር አንድ ወጣት ዳቦ ይደረድራል።

«አንተ፣ ተሳስተሃል። ይሄ የኔ ነው።»

«እማማ፣ ለኔ ነው የተሰጠኝ። መኪና ማቆሚያው ላይ ስንቆም የዚህ ቦታ ቁጥር ባዶ ነበር፤ ብጠይቅ ባለቤት የለውም አሉኝ።»

የገበያው ኃላፊ ዴሪክ የገበያ መክፈቻውን ደወል እንደያዘ መጣ። ዓይኗን ሊያይ አልደፈረም።

«ምን ላድርግ ሂልዳ? ደንቡን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»



ከጎን ያለው ሬጅ ቦታ ሊለቅላት ብርቱካኑን ገፋ ገፋ አደረገ። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ እንዳበል።»

«ካንተ ጋር? ሙዙ ይሸታል ሲሉህ በኔ ልታሳብብ!» አለችው። መዳበል ሞቷ ነው። ሄዳ ቦታ ከሌላቸው ጀማሪዎች ጋር ተሰለፈች። ደወሉ ሲደወል የተረፈው ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ያለው ጥግ ነበር፤ እሱን ሰጧት።

በረዶዋን አነጠፈች፤ ዓሣዋን ደረደረች። ረፋዱ ላይ የድሮ ደንበኞቿ መጡ። ቀጥ ብለው ወደ መስቀሉ ሄዱ፤ ዳቦውን አዩ፤ ግራ ቀኝ ተገላመጡ። አንዷ ወጣቱን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም ትከሻውን ሰበቀ።

ድሮ ሂልዳ ስትጣራ አደባባዩ ለሁለት ይሰነጠቅ ነበር። አፏን ከፈተች። ከመጸዳጃ ቤት ጥግ ሆኖ ሰው መጥራት ግን ልመና መሰላት፤ መልሳ ዘጋችው።

ሴቶቹም ዳቦ ገዝተው ሄዱ።