ከበሩ በየት በኩል

“ክፍሉ ውስጥ ነበርሽ?” አሉ ወይዘሮ ካሳነሽ፣ ቀይ እስክሪብቶአቸውን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተክለው።

“አይ፣ ኻልቶ።”

“ታዲያ ሀዋ እናቷን ማሰቧን በምን አወቅሽ?”

ኢስራእ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች። ከዓባይ ማዶ፣ ከባሕሪ፣ እስከ ጀሪፍ የመጣችበት ሃፍላ አውቶቡስ ድልድዩ ላይ ከሰዓት በላይ ስለቆመ ሸሚዟ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ጽሑፏን የላከችለት የድረ ገጽ መጽሔት ሁለት ጊዜ መልሶባታል። አዘጋጁ ከሥር የጻፈላት አጭር ነበር፤ “ሰዋስዉ ይታረም። በማን ዓይን እንደሚታይ አይታወቅም፤ ‘እሷ’ እና ‘እኔ’ ተደበላልቀዋል። ወይዘሮ ካሳነሽ ይዩልሽ።”

ወይዘሮ ካሳነሽ ካርቱም ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምረዋል። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ቤት ተቀምጠው፣ መጽሔቱ ለውጭ ጸሐፊዎች የሚመልሰውን ጽሑፍ ያርማሉ። ያስለቀሱት ተማሪ ብዙ ነው። ያስለቀሱት ሁሉ አስተካክሎ ይጽፋል ብለው ይኮራሉ።

“እዚህ ‘ሀዋ ሄደ’ ይላል። ሀዋ ወንድ ናት?”

“እኔ የማስበው በዐረብኛ ነው፣ ወላሂ።”

“ዐረብኛም ሴትና ወንድ ይለያል።”

ኢስራእ አንገቷን ደፋች። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የወሎ ሰው ናቸው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው ባሕሪ ነው። “ኻልቶ”፣ አክስቴ፣ ማለቱን እንጂ አንቱታውን አልለመደችም።

ጽሑፉ ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ ነው። እመቤቲቱ ቀለበት ሰረቅሽኝ ብላ በሀዋ ላይ የሦስተኛ ፎቅ ክፍል አስቆለፈችባት። ሀዋ በማግሥቱ ጧት በመስኮት ዘለለች። አሁን ወገቧ ተሰብሮ ሶባ ሰፈር ዘመዶቿ ዘንድ ተኝታለች። ጽሑፉ ይህ የደረሰው ማን ቤት እንደሆነ አይናገርም።

“ከልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ውጪ” አሉ ወይዘሮ ካሳነሽ። “አልነበርሽበትም። ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ጻፊ። ምን ሰማሽ?”

“በሩን በመዳፏ ስትመታ።”

“ቀጥይ።”

“መጀመሪያ በጣም መታች። ከዚያ፣ ያኒ፣ ቀስ እያለች። ‘ውኃ’ አለች። ከዚያ ስም ጠራች።”

“የማንን?”

ኢስራእ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ወይዘሮ ካሳነሽም የሚቀጥለውን ጥያቄ ተዉትና ቀና ብለው አዩአት። ይህን ከሌላ ሰው አፍ አልሰማችውም፤ እዚያው ነበረች። ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግሱ ሁሉ የእመቤቲቱ ነው፤ ጮኸች፣ ፈተሸች፣ ስልኳን ቀማች። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ይለያል፤ “ቁልፉን ተቀበልኩና በሩን ቆለፍኩ።” ከሌላው ስሕተት ጋር ቆጥረው፣ ቅድም ቀይ ክብ ውስጥ አስገብተውታል።

“የጠራችው ያንቺን ስም ነው?”

“የኔን።”

“ማን ቆልፊ አለሽ?”

“ማማ። ‘ያላ፣ ዝጊባት፣ ቀለበቱን ታውጣ’ አለች።”

“ቀለበቱ ተገኘ?”

“የመኪናው ወንበር ሥር። ያን ቀን ማታ።”

“ያን ቀን ማታ?” እስክሪብቶውን አስቀመጡት። “ዘለለች ያልሽው በማግሥቱ ጧት ነው።”

“ማማ ‘አሁን ብንከፍት ፖሊስ ጋ ትሄዳለች፤ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ እስክንጨርስ ትቆይ’ አለች። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ትራሴ ሥር።” አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። “ለሀዋ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሰው እንዲያውቅላት። ኻልቶ፣ እሱን ‘ቆለፈች’ አድርጊልኝ። ማማ ቆለፈች።”

“ቆለፈችም ቆለፍኩም ሰዋስዋቸው ትክክል ነው። እኔ የማርመው ሰዋስው ነው።”

“በብዕር ስም ነው የሚወጣው። የኔ ስም የለም። እባክሽ።”

ወይዘሮ ካሳነሽ ሊያዝኑላት ሞከሩ። ልጅቷ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ኀዘኑ ግን አልመጣላቸውም። የመጣላቸው ተማሪ ላይ ስሕተት ሲያገኙ የሚሰማቸው ያ የቆየ ደስታ ነው፤ አፍረውበትም አልገፉትም።

“እሺ” አሉ በለሰለሰ ድምፅ። “‘ቆለፈች’ ይሁን። እኔ አስተካክዬ እልከዋለሁ፤ አንቺ ሂጂ፣ ሳይመሽ ድልድዩን ተሻገሪ።”

ኢስራእ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ትከሻቸውን ሳመች። ደረጃውን ስትወርድ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

ወይዘሮ ካሳነሽ መብራት ሳይጠፋ ብለው ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ የሀዋን ሐሳብ ሁሉ አወጡ። ከዚያ “እመቤቲቱ” ያለበትን ሁሉ “እናቴ” አደረጉት። “ቆለፍኩ” የሚለውን አልነኩትም፤ የቀረውን እሱን እንዲከተል አስተካከሉት። ዓይኑ አሁን አንድ ነው፤ ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚሰማ። የቀለበቱን መገኘት፣ ትራሱንም ጨመሩበት። ከላይ እስከ ታች ሲያነቡት አንድም የሚነቀስ ቃል አጡ። በዕድሜያቸው እንዲህ አድርገው ያረሙት ጽሑፍ የለም።

የብዕር ስሙን አጠፉና የልጅቷን ስም ከነአባቷ፣ “ኢስራእ አልሲር” ብለው ጻፉ። ያ ስም በወጣ ማግሥት እዚያ ቤት ምን እንደሚሆን፣ አባትየው ምን እንደሚል፣ ልጅቷ የት እንደምታድር አላጡትም። ጣታቸውን መላኪያው ቁልፍ ላይ አደረጉ።

ስልካቸው ጮኸ። የኢስራእ መልእክት ነው። “ሹክረን ኻልቶ፣ ቤት ገባሁ። ካሳነሽ አማርኛ እያስተማረችኝ ነው ብዬ ለማማ ነገርኳት። በጣም ደስ አላት። ጁምዓ ምሳ ነይ አለችሽ።”

ስልኩን በፊቱ ደፉት፤ ጽሑፉን ላኩት።